ገጠሩ የማን ነው?

ቅዳሜ ብስክሌት፣ እሁድ ሩጫ። የእንግሊዝ ገጠር በበጋ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ፎቶ ላይ! እዚያ ስትደርሱ ግን እሁድ በሮጣችሁበት የእግረኛ መንገድ ቅዳሜ ብስክሌት የመንዳት መብት አልነበራችሁም። ብስክሌት በፈረሰኞች መንገድ እንዲሄድ የተፈቀደው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የ2000ው ሕግም ከመንገድ ወጥቶ እንደ ልብ መዘዋወርን የፈቀደው ለእግረኛ ብቻ ነው፤ ያውም በአገሩ መሬት 8 በመቶ ገደማ ላይ።

«ሰብሉስ? ከብቱስ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ጎረቤት ስኮትላንድ መልሳዋለች። የ2003ቱ ሕጓ አብዛኛውን መሬት ለእግረኛም ለብስክሌተኛም ከፈተ፤ ሰብል አትርገጡ፣ ሰው ግቢ አትግቡ፣ በኃላፊነት ሂዱ ብሎ። በቃ፣ ይሄው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ወጣት ሠራተኞች፣ ኪንደር ስካውት ተራራ ላይ ያለ ፈቃድ ወጡ። አምስቱ ታሰሩ። ዛሬ እዚያ ማንም ሳይከለክለን የምንሮጠው እንደነሱ ያሉ ሰዎች ስለታገሉ ነው። የመሬት ጌቶች በደግነት አልሰጡንም። እኛ ታዲያ ፎቶ ለጥፈን «እንዴት ያምራል!» ብለን ዝም እንበል? ያምራል፤ ግን አብዛኛው ዛሬም በአጥር ላይ የሚታይ ውበት ነው። አጥሩ ይከፈት።