ስለ ግማሽ እውነት

እንክርዳድ ብቻውን ወደ ገበያ ቢወጣ የሚገዛው ሰው የለም። ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ የወጣ እንደ ሆነ ግን ያላስተዋለ ሰው ሁሉ ስንዴ መስሎት ይገዛዋል፤ አስፈጭቶ፥ ጋግሮ ከበላ በኋላም ራሱ ሲዞርበት ያን ጊዜ መታለሉን ያውቃል። ሐሰትም እንዲሁ ነው። ፍጹም ሐሰት የሆነ ነገር ቶሎ ይታወቃል። ከእውነት ጋር የተቀላቀለ ሐሰት ግን ብዙ ሰው ያስታል፤ ሰሚው ከነገሩ አንዱ እውነት መሆኑን ባወቀ ጊዜ የቀረውም እንደዚያው እውነት ይመስለዋልና።

ይህ ነገር ይልቁንም በታሪክ ላይ ይታያል። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የሆነውን ነገር በዓይኑ አይቶ ዛሬ የሚመሰክር ሰው የለም፤ ስለዚህ ተናጋሪው እንደ ወደደ ቢናገር ወዲያው የሚያፍርበት ሰው አያገኝም።

በልዩ ልዩ አገር ከታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያናት የተለዩ ትንንሽ ማኅበሮች አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሰውን ወደ ራሳቸው ለመሳብ ሲሉ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ያጣምማሉ። የሚሉትም እንዲህ ነው። ኦርቶዶክሱም፥ ካቶሊኩም፥ ፕሮቴስታንቱም የሚያምኑት ሃይማኖት ከሐዋርያት የመጣ አይደለም፤ የሮም ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ በ325 ዓመተ ምሕረት በኒቅያ ጉባኤ የፈጠረው ነው፤ ክርስቶስን አምላክ ያደረገ፥ የመጽሐፍ ቅዱስንም መጻሕፍት የመረጠ፥ እሑድንም የጸሎት ቀን ያደረገ እርሱ ነው ይላሉ። ከዚህም በኋላ፥ እውነተኛው ትምህርት ብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖሮ አሁን በእነርሱ ማኅበር ብቻ እንደ ተገለጠ ይጨምራሉ። በ2003 የታተመው የዳ ቪንቺ ኮድ የሚባል ልብ ወለድም ከዚህ ወሬ ብዙውን ወደ ብዙ አገር አደረሰው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ይህን የሚሰማ ወጣት ነገሩን ሳይመረምር ቢቀበል የሚደርስበት ጕዳት ቀላል አይደለም። እናቱ የምትጸልየው ጸሎት ያሳፍረዋል፤ ፊደል ያስቈጠረውም መምህር ሐሰተኛ ይመስለዋል፤ ከዘመዶቹም ተለይቶ፥ ብቻውን እውነትን እንዳወቀ ቈጥሮ ይኰራል። ሰው ሃይማኖቱን የሚመረምር ቢሆን መልካም ነው፤ በተጣመመ ወሬ ምክንያት የሚጥለው ቢሆን ግን ተዘርፎአል እንጂ አልተማረም።

እንግዲህ አስቀድሞ እውነት የሆነውን መለየት ይገባል። ኒቅያ በቱርክ አገር ያለች፥ ዛሬ ኢዝኒክ የምትባል ከተማ ናት። በዚያ ዘመን በእስክንድርያ አርዮስ የሚባል ቄስ ነበረ፤ እርሱም ወልድ ፍጡር ነው፥ ከአብ ጋር ትክክል አይደለም እያለ ያስተምር ነበር። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት እለ እስክንድሮስ ይህን ትምህርት አወገዘ፤ ጠቡም ከከተማይቱ አልፎ የምሥራቅን አብያተ ክርስቲያናት አወከ። ንጉሥ ቈስጠንጢኖስም በዚህ ጠብ ምክንያት መንግሥቱ እንዳይናወጥ ፈርቶ ኤጲስ ቆጶሳቱን በኒቅያ ሰበሰበ። ቍጥራቸው ሦስት መቶ ያህል ነበረ፤ በኢትዮጵያ ሠለስቱ ምዕት እየተባሉ የሚታሰቡት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ንጉሡ ጉባኤውን መጥራቱ እውነት ነው፤ ይህ ስንዴው ነው። ሃይማኖቱን ፈጠረ ማለት ግን እንክርዳዱ ነው።

ክርስቲያኖች ለክርስቶስ መስገድ የጀመሩት በኒቅያ አይደለም። ለዚህም አንዱ ምስክር የክርስቲያኖች ወዳጅ ያልሆነ ሰው ነው። ፕሊኒዮስ የሚባል የሮም ሹም በ112 ዓመተ ምሕረት ገደማ ቢቲንያን ይገዛ ነበር፤ ኒቅያም በዚያው አገር ያለች ከተማ ናት። ይህ ሹም ክርስቲያኖችን እየያዘ ይመረምር፥ አንክድም ብለው የጸኑትንም ያስገድል ነበር። ለንጉሡ ለትራያኖስ በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩለት፥ እንዳይሰርቁና እንዳያመነዝሩም በመሐላ ቃል እንደሚገቡ ገለጠ። ይህ ደብዳቤ ከጉባኤው ሁለት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ገዳያቸው የመሰከረውን ነገር ቈስጠንጢኖስ እንደ ምን ሊፈጥረው ይችላል?

ደግሞም በ2005 በእስራኤል አገር በመጊዶ የእስር ቤት ግቢ ሲቈፈር በትንንሽ ድንጋይ ያጌጠ የጸሎት ቤት ወለል ተገኘ። በወለሉም ላይ አንዲት ሴት ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ መታሰቢያ ጠረጴዛ እንደ ሰጠች በግሪክ ቋንቋ ተጽፎአል። አሳሾቹ ይህ ወለል በሦስተኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው ይላሉ፤ ይኸውም ቈስጠንጢኖስ ሳይነግሥ ነው።

አርዮስ ራሱም ቢሆን ክርስቶስ እንደ ሌላው ሰው ያለ ሰው ነው አላለም፤ ከዓለም በፊት የተፈጠረ ነው አለ እንጂ። የኒቅያ ክርክር ክርስቶስን በማክበርና ባለማክበር መካከል አልነበረም፤ ክብሩ ከአብ ጋር ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበረ። ነገሩ በጥቂት ሰው ብልጫ ተወሰነ የሚሉም አሉ። ነገር ግን ከሦስት መቶ ያህል ኤጲስ ቆጶሳት እስከ መጨረሻው አንፈርምም ብለው ከአርዮስ ጋር የተሰደዱት ሁለት ብቻ ናቸው።

ሃይማኖቱ የንጉሥ ፈጠራ አለመሆኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ከጉባኤው በኋላ የሆነው ነገር ነው። ቈስጠንጢኖስ አርዮስን ከስደቱ መለሰው፤ ለኒቅያ ሃይማኖት የሚከራከረውን አትናቴዎስን ግን በ335 ወደ ሩቅ አገር አሳደደው። በ337 ሊሞት ሲል ያጠመቀውም የአርዮስ ወዳጅ የነበረው የኒቆምድያው አውሳብዮስ ነው። ልጁ ቈስጠንጢዮስ ደግሞ ከአባቱ ይልቅ የኒቅያን ሃይማኖት ተቃወመ። አትናቴዎስ በነገሥታቱ ቍጣ አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ የስደቱም ዘመን ቢደመር ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ይሆናል።

የዚህ ጠብ ወሬ እስከ አክሱም ደርሶአል። በአክሱም ይሾም የነበረው ፍሬምናጦስ፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው፥ ሢመተ ጵጵስናን የተቀበለው ከአትናቴዎስ እጅ ነበረ። ስለዚህ ቈስጠንጢዮስ በ356 ገደማ ወደ አክሱም ንጉሥ ወደ ኢዛናና ወደ ወንድሙ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ፋንታ በተሾመው በጊዮርጊስ ፊት ሃይማኖቱ እንዲመረመር ጠየቀ። ይህን ደብዳቤ አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ስላስገባው እስከ ዛሬ ይነበባል። የኒቅያን ሃይማኖት የፈጠሩት ነገሥታት ቢሆኑ ኖሮ ነገሥታቱ ራሳቸው እስከ አክሱም ድረስ እየተከተሉ ባላሳደዱትም ነበር።

ሁለተኛው ወሬ ስለ መጻሕፍት ነው። ቈስጠንጢኖስ ለአዲሲቱ ከተማው አብያተ ክርስቲያናት ኀምሳ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲጻፍ ማዘዙ እውነት ነው። ማስጻፍ ግን መምረጥ አይደለም። ከኒቅያ ጉባኤ 145 ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በ180 ገደማ፥ ኢሬኔዎስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ ወንጌሎቹ አራት ብቻ መሆናቸውን ጽፎአል። የአዲስ ኪዳንን ሃያ ሰባት መጻሕፍት አንድም ሳያጐድል በዝርዝር የጻፈው አትናቴዎስ ነው፤ እርሱም የጻፈው በ367፥ ቈስጠንጢኖስ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በኒቅያ መጻሕፍቱ በመሠዊያ አጠገብ ተቀምጠው ተመረጡ የሚለው ተረት የሚገኘው ከጉባኤው አምስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ በተጻፈ አንድ የግሪክ መጽሐፍ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመትም ቮልቴር የሚባለው የፈረንሳይ ጸሓፊ እየቀለደ ወደ ብዙ ሰው አደረሰው።

ሦስተኛው ወሬ ስለ እሑድ ነው። ቈስጠንጢኖስ በ321 ዳኞችና የከተማ ሰዎች በእሑድ ከሥራ እንዲያርፉ ሕግ አወጣ፤ ገበሬዎችን ግን እንዲያርሱ ፈቀደላቸው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዮስጢኖስ ሰማዕት በ150 ገደማ ለሮም ንጉሥ በጻፈው ጽሑፍ ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን ከከተማና ከገጠር ተሰብስበው የሐዋርያትንና የነቢያትን መጻሕፍት እንደሚያነቡ፥ እንደሚጸልዩ፥ ለድኾችም ገንዘብ እንደሚያዋጡ ተርኮአል። ንጉሡ ለቀኑ ዕረፍት ሰጠ እንጂ ቀኑን አልፈጠረም።

እንግዲህ ሦስቱም ወሬዎች የተሠሩት በአንድ መንገድ ነው። በመጀመሪያ አንድ እውነት ይነገራል፤ ቀጥሎ ከእርሱ አስቀድሞ የነበረው ይደበቃል፤ በመጨረሻም ከተነገረው እውነት ጋር የማይስማማ ፍርድ ይሰጣል። ይህን መንገድ ያወቀ ሰው አራተኛ ወሬ ቢመጣበት በቀላሉ አይታለልም።

ተታሎ የነበረ ሰው እውነትን ባገኘ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚያሳይ ምሳሌ አለ። አሌክሳንደር ሂስሎፕ የሚባል የስኮትላንድ ቄስ ሁለቱ ባቢሎኖች የሚባል መጽሐፍ ጽፎ በ1858 በሰፊው አሳተመ። በዚያም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ከናምሩድና ከሚስቱ ከሴሚራሚስ የመጣ ነው አለ። ነገር ግን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ስለ ናምሩድ ተጽፎአል እንጂ ስለ ሚስቱ አንድ ቃል እንኳ የለም። ራልፍ ውድሮ የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪም ሂስሎፕን አምኖ ይህንኑ የሚያስተምር መጽሐፍ በ1966 አሳተመ፤ መጽሐፉንም ብዙ ሰው አነበበው። ኋላ ግን ሂስሎፕ የታመነ ታሪክ ጸሓፊ አይደለም የሚል ቃል በሰማ ጊዜ አልተቈጣም፤ ሂስሎፕ የጠቀሳቸውን መጻሕፍት እየፈለገ አነጻጸረ። ምስክሩ እንዳልቆመም ባየ ጊዜ ገንዘብ የሚያገኝበትን መጽሐፉን ከገበያ አወጣ፤ በ1997ም የፊተኛውን ስሕተት የሚያስረዳ ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ከብዙ ተከታይ ይልቅ እውነትን መውደድ ማለት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ትንሽ ማኅበር ሁሉ ሐሰተኛ ነው፥ ታላቅ ቤተ ክርስቲያንም ሁሉ ንጹሕ ናት ማለት አይደለም። በሃይማኖት የሚለይ ሰው መጽሐፉን ገልጦ የሚያምነውን በግልጥ ቢናገር በደል የለበትም፤ በደሉ ታሪክን ማጣመም ነው። ይህንም በደል ታላላቆቹ ሠርተውት ያውቃሉ። በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ በዚያው በቈስጠንጢኖስ ስም ሐሰተኛ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ንጉሡ የምዕራብን ምድር ለሮም ሊቀ ጳጳሳት እንደ ሰጠ የሚናገር ነበር። ብዙ ዘመንም እውነት መስሎ ለክርክር ሲጠቀስ ኖረ። ሐሰትነቱን በ1440 የገለጠው ሎሬንዞ ቫላ የሚባል የኢጣልያ ሊቅ ነው፤ በደብዳቤው ውስጥ በቈስጠንጢኖስ ዘመን ሊነገሩ የማይችሉ ቃላት እንዳሉ አሳየ። እንዲሁም በ1204 የመስቀል ጦረኞች ክርስቲያን የሆነችውን ከተማ ቍስጥንጥንያን ዘረፉ፤ ይህም እውነት ነውና ሊሸሸግ አይገባም። የራሱን ወገን ኃጢአት የሚሰውር ሰው የሌላውን ሐሰት ሊገሥጽ አይችልም፤ ሚዛኑ ለወዳጅም ለባላጋራም አንድ መሆን ይገባዋልና።

ስለዚህ ተማሪ የሆነ ሁሉ አንዱን ታሪክ ጠቅሶ ሌላውን ለመንቀፍ የሚነሣ ሰው ባጋጠመው ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ይህን ማን ጻፈው? ነገሩ በሆነበት ዘመን ተጻፈ ወይስ ከብዙ ዘመን በኋላ? ከተነገረው ነገር በፊትና በኋላ የሆነው ምንድር ነው? መልሱን ለማግኘት ንባብ ያስፈልጋል፤ ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ፊደል የተማረ ልጅ የንባብ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሌላው ያነበበለትን ብቻ ሰምቶ ከመሄድ ይድናል።

መልሱንም ካገኘ በኋላ የተሳሳተውን ሰው አይሳደብ፤ ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚያወራው ሰው ራሱ አስቀድሞ የተታለለ ነውና። እውነቱን በትሕትና ያስረዳው፥ የተጻፈበትንም ያሳየው፤ ያን ጊዜ ባይቀበለው እንኳ አይቈጣ። አባቶች እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለዋልና።