የምንጃር ጤፍ በስሙ ይሸጣል፤ የጠርሙሱ ዘይትስ?

በምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ በአረርቲ፣ በገበያ ቀን ጤፍ ለመግዛት የወጣ ሰው ሻጩን ብዙ ጥያቄ ሲጠይቅ አይታይም። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያነጣጥፈዋል፤ ንጣቱን ወደ ፀሓይ አዙሮ ያያል፤ እፍ ብሎ እብቁን ያበንናል፤ አሸዋ ተቀላቅሎበት እንደ ሆነም ጥቂት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ያረጋግጣል። ሽንብራውና ምስሩም የሚገዛው በዚሁ ዐይነት ነው። ዐይን፣ እጅና ጥርስ ዳኞች ሆነው በተቀመጡበት ገበያ መግለጫ ጽሑፍ የሚፈልግ የለም። የምንጃር ጤፍ ስም እስከ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ድረስ የታወቀውም ትውልድ ከትውልድ በዚህ ዐይነት ተፈትኖ ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ ከእህል ጋር የተዛመደ ነው፤ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት የሽንብራ ዝርያዎች አንዱ «አረርቲ» ተብሎ ይጠራል።

እኛ ግን ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለ እህል አይደለም። በቅርቡ በዚያው ከተማ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመን ሳለ፣ ልጇን ያዘለች አንዲት ወጣት እናት አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ጠርሙስ ይዛ ወደ እኛ ቀረበችና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ያንብቡልኝ፤ ልጄን ጉንፋን ይዞታል፤ ሁለት ጠብታ በማር አድርጌ ልስጠው ወይስ ደረቱን ላሽው?» ስትል ጠየቀችን። ጠርሙሱን ተቀብለን አገላብጠን አየነው። በባዕድ ቋንቋ «የባሕር ዛፍ ዘይት፣ መቶ በመቶ ንጹሕ» ይላል፤ የቅጠል ሥዕልም አለበት። የትኛው ባሕር ዛፍ እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ ተገኘ፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼ እንደ ተሞላ፣ የሚጠጣ ይሁን የሚቀባ የሚገልጽ አንድ ቃል አልነበረበትም። ባለሱቁን ብንጠይቀው፣ «ሰው ሁሉ ይወስደዋል፤ እስካሁን ከፋ ብሎ የመለሰ የለም» አለን። እናቲቱን እንዳታጠጣው ነግረን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስድ መከርናት። ነገር ግን ይህን ምክር መስጠት የነበረበት ጠርሙሱ ነው እንጂ መንገደኛ አልነበረም።

መዓዛማ ዘይት የሚባለው ምን እንደ ሆነ በቅድሚያ ማወቅ ይጠቅማል። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በሰጠው ትርጓሜ መሠረት፣ ከተክል በእንፋሎት የሚወጣ፣ ወይም እንደ ብርቱካንና እንደ ሎሚ ያለ እንደ ሆነ ከልጣጩ ተጨምቆ የሚገኝ ዘይት ማለት ነው። ለአገራችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሁሉ አሠራሩን ያውቀዋል። ድፍድፉ በእሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃው ውስጥ ያልፋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። ልዩነቱ በድፍድፉ ፈንታ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ ወይም ሙጫ መግባቱና፣ ከወረደው ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚገኘው ስስ ዘይት ተለይቶ መቀዳቱ ነው። ምርቱም ጥቂት ነው። ከ100 ኪሎ እርጥብ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግድም ነው። ዋጋው የሚወደደው፣ ማጭበርበሩም የሚያጓጓው ከዚሁ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በየሱቁ የሚሸጠው የጥቁር አዝሙድ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ፍሬው ተጨምቆ የሚወጣ የቅባት ዘይት ነው፤ እንደ ኑግና እንደ ተልባ ዘይት መሆኑ ነው። በእንፋሎት የሚወጣው የጥቁር አዝሙድ መዓዛማ ዘይት ግን ሌላ ነው፤ መጠኑም ከፍሬው ክብደት ከመቶ አንድ እጅ ግድም ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ፣ አንዱ በማንኪያ የሚለካ፣ ሌላው በጠብታ እንኳ ጥንቃቄ የሚያሻው መሆኑን ገዢው በምን ይወቀው?

ወደዚያች እናት ጠርሙስ እንመለስ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ያለን ባሕር ዛፍ አንድ ዐይነት አይደለም። በቆላና በወይና ደጋ በብዛት የሚታየው ቀይ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አንኮበር ሲወጣ ብርድ የሚችለው ነጭ ባሕር ዛፍ አገሩን ይይዘዋል። ሦስተኛም አለ፤ ቅጠሉ ሲታሽ ሎሚ ሎሚ የሚለው ሽቶ ባሕር ዛፍ ነው። ለጉንፋንና ለሳል መድኃኒት ሥራ የሚፈለገው ሲኒዮል የተባለው ንጥረ ነገር በነጩ ባሕር ዛፍ ዘይት ይበዛል፤ በአውሮፓ የመድኃኒት መመዘኛ መጽሐፍ ደንብ መሠረት፣ ለመድኃኒት የሚቀርብ የባሕር ዛፍ ዘይት ሲኒዮሉ ከመቶ 70 እጅ ማነስ የለበትም። በሽቶ ባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ደግሞ ሲትሮኔላል ነው፤ ይህም ለሳሙና፣ ለሽቱና ትንኝን ለማባረር ለሚሠራ ነገር ይውላል። የቀዩ እንደ ዘሩና እንደ በቀለበት ስፍራ ይለዋወጣል። እንግዲህ «የባሕር ዛፍ ዘይት» የሚለው ጽሑፍ ከሦስቱ የትኛውን እንደ ያዘ አይናገርም፤ ሆኖም ሦስቱም ቢሆኑ ሐሰት ጻፈ ተብሎ የሚከሰስ ሰው የለም። ነጩ ባሕር ዛፍ ነው ብንል እንኳ፣ ሕፃን ቢውጠው በጥቂት መጠን መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያመጣ የሚችል ነገር ነው። በማር የሚሰጥ አይደለም።

የስም ነገር በባሕር ዛፍ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ቅቤ ሲነጠር የምንጨምረው ኮሰረት በጓሮ የሚተከል አለ፤ በየዱሩ የሚበቅል ዘመዱም አለ። የሁለቱ መዓዛ እንደሚለያይ ባለሙያ ሴት በአፍንጫዋ ትለየዋለች፤ ኬሚስቱም ሲመረምረው የጓሮው ኮሰረት ዘይት ሊናሎል በተባለው ንጥረ ነገር የበለጸገ ሆኖ ያገኘዋል፤ የዱሩ ግን ሌላ ነው። በደጋው በመንዝና በአካባቢው፣ በባሌ ተራሮችም እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ የሚነጠፈው ጦስኝም እንዲሁ ነው። በዘይቱ ውስጥ ዋናዎቹ ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉት ሲሆኑ፣ አንዱ ከሌላው የሚበልጠው እንደ ቦታው ነው። ስለዚህ ጦስኝ ማለት ብቻ በቂ አይሆንም፤ የየት አገር ጦስኝ ነው? በማን እጅ ተለቀመ? በማጭድ ታጨደ ወይስ ከነሥሩ ተነቀለ? ከነሥሩ የተነቀለ ጦስኝ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ስፍራ አይገኝምና፣ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ነጋዴዎቻችን ይህን የቦታ ነገር ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት መሆኑን ለመረዳት ወደ ዕጣን ተራ ጎራ ማለት ይበቃል። የትግራይ ዕጣን፣ የኦጋዴን ዕጣን፣ የቦረና ዕጣን እየተባለ በየአገሩ ስም ተለይቶ ይሸጣል። መለያየቱም ለወግ አይደለም፤ ዛፎቹ የተለያዩ ናቸው። በትግራይ፣ በመተማ፣ በቋራና በቤኒሻንጉል ቆላ የሚገኘው የዕጣን ዛፍ ከሶማሌ ምድርና ከዐረብ አገር ዕጣን ጋር ዝምድና ቢኖረውም ዘይቱ ሌላ ነው፤ በእኛው የሚበዛው ኦክቲል አሴቴት የተባለው ሲሆን በእነዚያ ብዙ ጊዜ የሚበዛው አልፋ ፓይኒን ነው። ይህን ሁሉ የመርካቶ ነጋዴ በዐይኑና በአፍንጫው ለይቶ በየጆንያው ያስቀምጠዋል። ዕጣኑ ባሕር ተሻግሮ ዘይት ሆኖ በትንሽ ጠርሙስ ሲገባ ግን፣ ብዙ ጊዜ የሚጻፍበት «የዕጣን ዘይት» ብቻ ነው። አገሩም ዛፉም በመንገድ ቀርተዋል።

ጉዳቱ የገዢው ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይብቃ ባልን ነበር። በ2011 ዓ.ም. በታወቀ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከተመረመሩት የዕጣን ዛፍ ደኖች ከመቶ ከ75 እጅ በሚበልጡት ውስጥ ትናንሽ ዛፎች እንደሌሉ፣ አዲስ ችግኝ ማደግ ካቆመም ዐሥርት ዓመታት ማለፋቸውን፣ እንዲህ ከቀጠለም በሃያ ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ እንደሚቀንስ ገልጿል። ምክንያቶቹም የከብት ግጦሽ፣ እሳት፣ ዛፉን የሚቦረቡር ጥንዚዛና ያለ ዕረፍት መብጣት ናቸው። ዛፉን ዕረፍት እየሰጠ የሚበጣው ማኅበርና፣ እስኪደርቅ ድረስ የሚያደማው ሰው ዕጣናቸው በአንድ በርሜል ተቀላቅሎ በአንድ ስም ከተሸጠ፣ ለመጀመሪያው ጥንቃቄው ምን ትርፍ አመጣለት? በጠርሙስ ላይ የሚጻፈው የአገር ስም ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ ማጭበርበሩም ጥቂት እንበል። መዓዛማው ዘይት በርካሽ የምግብ ዘይት ይበረዛል፤ በአልኮል ወይም በተርፐንታይን ይቀጥናል፤ ከፋብሪካ የወጣ ሰው ሠራሽ መዓዛም ይጨመርበታል። በምግብ ዘይት የተበረዘውን ማንም ሰው በቤቱ ሊይዘው ይችላል። አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ ማሳደር ነው፤ እንደ ባሕር ዛፍ ያለው ንጹሕ መዓዛማ ዘይት ተንኖ ሲጠፋ፣ የቅባት ዘይት ግን ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ምልክት ትቶ ይቀራል። ይህ ዘዴ ግን ለከባዶቹና ሙጫ ለሚበዛባቸው ዘይቶች እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ የፋብሪካውንም መዓዛ አይዝም። ያን የሚይዘው ጋዝ ክሮማቶግራፊ የተባለው መሣሪያ ነው፤ ዘይቱን በየንጥረ ነገሩ ለያይቶ ይህ ይህን ያህል፣ ያ ያን ያህል ብሎ ያሳያል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከገጠር ገበያ አጠገብ አይገኝም፤ እንዲገኝ መጠበቅም ሞኝነት ነው። ስለዚህ ምርመራው በምንጩ ተደርጎ ውጤቱ በጠርሙሱ ላይ ተጽፎ እንዲመጣ ግድ ነው።

ሕግስ የለም ወይ? አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በዕቃ ላይ ስለሚለጠፍ መግለጫ ደንግጓል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ምግብን፣ መድኃኒትንና መዋቢያን የሚቆጣጠረውን ባለሥልጣን ሥራ ወስኗል። ደረጃ የሚያወጣ ኢንስቲትዩት አለ፤ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትም ናሙና ይመረምራል። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ጠጅ ሣር፣ እንደ ሥጋ መጥበሻና እንደ ናና ባሉት ባለመዓዛ ተክሎች ላይ ለብዙ ዘመን ሲሠራ ቆይቷል። እንግዲህ ዕውቀቱ የጠፋ አይደለም። በእኛ አስተያየት ትልቁ ቀዳዳ ያለው፣ ይህ ጠርሙስ ምግብ ነው፣ መድኃኒት ነው፣ ወይስ መዋቢያ ነው? በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ሻጩ ለገዢ ሲናገር መድኃኒት ያደርገዋል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን ሽቶ ነው ይላል። መልሱ እንደ ጠያቂው ሲለዋወጥ፣ ጠርሙሱ በሦስቱም ደንቦች መካከል ሾልኮ ያልፋል። ዘይቱ የሚውልበትን ሥራ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ በጠርሙሱ ላይ መጻፍ ግዴታ ቢሆን፣ ሻጩ በጻፈው ቃል ይያዛል።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ግዴታ ተደራጅተው ዘይት ማውጣት የጀመሩትን ወጣቶች ያከስራል ብለው ይከራከሩናል። የምርመራው ዋጋ ለአነስተኛ ማኅበር ከባድ እንደ ሆነ አንክድም። ነገር ግን የተክሉን ሙሉ ስም፣ የተለቀመበትን ወረዳ፣ የወጣበትን ቀንና የአዘጋጁን አድራሻ መጻፍ ከቀለምና ከወረቀት በቀር ወጪ የለውም። ውዱ ምርመራ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ለወጣው ዘይት በሙሉ ነው፤ ብዙ ማኅበራት በአንድ ዩኒየን ሥር ሆነው ቢያስመረምሩ ወጪው ይቃለላል። ይልቁንም አሁን እያከሰራቸው ያለው በትክክል ያወጡት ዘይት ከተበረዘው ጋር በአንድ ዋጋ መሸጡ ነው።

ስም ዋጋ እንዳለው ከእኛ በፊት የተረዱ ሌሎች መኖራቸውንም በጤፍ አይተነዋል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ አውጥቶት የነበረው የፈጠራ ባለቤትነት መብት በዚያው አገር በዘሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ዓመታት አልፈዋል። ጤፍ ያን ያህል የታወቀ ሆኖ ይህ ከደረሰበት፣ ስሙ በጠርሙስ ላይ በቅጡ ያልተጻፈው ጦስኝና ኮሰረት ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከአረርቲ ከመነሣታችን በፊት ከዚያው ሱቅ አንድ ተመሳሳይ ጠርሙስ ገዝተን ነበር። አዲስ አበባ ስንደርስ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አድርገን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳደርነው። በማግሥቱ ጧት የባሕር ዛፉ ሽታ ፈጽሞ ጠፍቷል፤ በወረቀቱ ላይ ግን የአሥር ሳንቲም ስፋት ያለው፣ ወደ ብርሃን ሲያዙት የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ቀርቷል። ጠርሙሱ አሁንም በጠረጴዛችን ላይ ነው፤ «መቶ በመቶ ንጹሕ» ይላል።