የምግብ መልካም ስም የነጋዴ አደራ ነው

የጃፓን ምግብ ዛሬ በየአህጉሩ በክብር ሲጠራ፣ የእንግሊዝ ምግብ ግን በባዕድ ሰው ዘንድ ለብዙ ዘመን መቀለጃ ሆኖ ኖሯል። ሁለቱም በባሕር የተከበቡ አገሮች፣ ሕዝባቸውም ዓሣ በሊታና ሻይ ወዳድ ሲሆን፣ የስማቸው ዕድል ይህን ያህል መራራቁ ነጋዴን ሊያስመረምር የሚገባው ነገር ነው። በመሳለሚያ ጤፍ የሚያራግፍ፣ በመርካቶም ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቶ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ሁሉ ከዚህ የሚማረው አያጣም።

የልዩነቱ ምክንያት የወጥ ቤት ሙያ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ለዚህ ምስክሩ ካሪ የተባለው የቅመም ወጥ ነው። ካሪ ከሕንድ ወደ እንግሊዝ፣ ከእንግሊዝም በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ጃፓን ገባ። ጃፓኖች ከሩዝ ጋር አስማምተው የራሳቸው አደረጉት፤ አሁን በለንደን ምግብ ቤቶች «የጃፓን ካሪ» ተብሎ ለእንግሊዞቹ መልሶ ይሸጣል። አበዳሪው ተረሳ፣ ተበዳሪው ስም አተረፈ።

የእንግሊዝ ምግብ ስም ክፉኛ የጎደፈው በጦርነትና በችግር ወራት ነው። ከ1940 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ድረስ ምግብ በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ በዚያ ጊዜ ወደ አገሩ የገባው የውጭ ወታደርና እንግዳ የቀመሰውን ሲያወራ ኖረ። ራሽኑ ቀረ፤ ወሬው ግን አልቀረም። ሆኖም በዚያው መንግሥት የሚመረተው የስኮትላንድ ዊስኪ በዓለም ሁሉ ተከብሮ ይጠጣል። ይኸውም ቢያንስ 3 ዓመት በበርሜል ሳይቆይ በዚህ ስም እንዳይሸጥ ሕግ ስለሚከለክል ነው።

ጃፓኖችም ስማቸውን ለዕድል አልተዉትም። አንድ የታወቀ የአኩሪ አተር ስጎ ፋብሪካቸው በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዊስኮንሲን ማምረት ጀመረ። ባህላዊ የአመጋገብ ሥርዓታቸው በ2013 በዩኔስኮ መዝገብ ተጻፈ። በ2016 ደግሞ መንግሥታቸው የጃፓን ምግብ ለሚሠሩ የውጭ አገር ወጥ ቤቶች የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጥበትን ደንብ አወጣ።

የኢትዮጵያ ነጋዴ የዚህን ነገር ክብደት በራሱ ኪሳራ ያውቀዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ስላገኘች፣ ዋነኛ ደንበኛ የነበረው ያ ገበያ በእጅጉ ቀዘቀዘ። ምክንያቱ ሲመረመር ጥርጣሬው በማሳው ላይ ሳይሆን በጆንያው ላይ አረፈ። የገበሬው የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ከረጢት ምክንያት ተነቀፈ ማለት ነው።

እንጀራም ዛሬ በዋሽንግተንና በለንደን ገበያ አግኝቷል። ነገር ግን ጤፍ በአሜሪካ በአይዳሆ መዘራት ከጀመረ ቆይቷል። አንድ የሆላንድ ኩባንያም በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ የዘ ሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ዋጋ ቢስ አደረገበት። የካሪ ታሪክ በጤፍ ላይ ሊደገም አይችልም ብሎ የሚተማመን ካለ፣ ይህን ያስታውስ።

«ንጽሕና ወጪ ያበዛል፤ ገዢው የሚፈልገው ርካሽ ነው» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ንግግሩ ለአንድ ቀን ገበያ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዘላቂ ደንበኛ ግን አይሠራም። በርበሬን ከባዕድ ነገር፣ ማኛን ከሰርገኛ ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰው ትርፉን ብቻውን ይወስዳል፤ ኪሳራው ግን በጎረቤቱም ላይ ይደርሳል። የውጭ አገር ገዢ የሻጩን ስም አይዝምና፣ የሚይዘው የአገሩን ስም ነው።

ስለዚህ ላኪዎች የጤፉን ዓይነትና የመጣበትን አውራጃ በጆንያው ላይ ቢጽፉ፣ ለምግብ የሚሆነውን ጆንያ ኬሚካል ከነካው ቢለዩ፣ ባለ ወፍጮዎችና ባለ መጋዘኖችም ተስማምተው ቀላቃዩን ከመካከላቸው ቢያርቁ ይበጃል። መንግሥት ሕግ ሊያወጣ፣ ምክር ቤትም ሊመክር ይችላል፤ ጆንያው የሚሰፋው ግን በነጋዴው እጅ ነው።