ቤቱ ተከራይቷል፤ ፖሊሲው ግን አያውቅም

በአዲስ አበባ መኪና የገዛ ሰው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይገባ መንገድ ላይ አይወጣም፤ ሕግ ያስገድደዋል። አቅም ያለው ደግሞ ሙሉ ኢንሹራንስ ይጨምርበታል። ይኸው ሰው የዕድሜውን ቁጠባ ያፈሰሰበትን የኮንዶሚኒየም ቤት ለማያውቀው ተከራይ ሲያስረክብ ግን የሚያነሣው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው። ኪራዩ ስንት? ቅድሚያውስ የስንት ወር? የቤት ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ስለ ኢንሹራንስ የሚያስታውስ አይገኝም። ቢነሣም መልሱ አጭር ነው፤ «ባንኩ አስገብቶታል»።

እውነት ነው፣ ባንኮች በመያዣ የያዙት ንብረት ኢንሹራንስ እንዲገባለት ይጠይቃሉ። ነገር ግን ያ ፖሊሲ በመጀመሪያ የሚጠብቀው የባንኩን ገንዘብ ነው። ጉዳት ቢደርስ ከካሳው ላይ ቅድሚያ ያለው ባንኩ ነው። የመድኑ መጠን የተወሰነው ብድሩ በተፈቀደበት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የተሞላው ቅጽም ቤቱን «ባለቤቱ የሚኖርበት» ብሎት ይሆናል። ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰው ባለቤት ደግሞ የባንኩ ግዴታ ሲያበቃ ፖሊሲውን ማደሱንም አብሮ ይተወዋል።

ለአከራይ ዋናው አደጋ የሚጀምረው ከዚያ ቅጽ ነው። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል፣ መድን ገቢው ስለሚያስገባው ንብረት የሚያውቀውን ለኩባንያው እንዲያስታውቅ ያዛል። እያወቀ የደበቀ ሰው ውሉ ዋጋ ሊያጣበት ይችላል። በውሉ ዘመን ውስጥ አደጋውን የሚያከብድ ለውጥ ሲመጣም ማስታወቅ አለበት። ባለቤቱ ይኖርበት የነበረው ቤት ለተከራይ ሲሰጥ፣ ከዚያም አልፎ ተከራዩ ሳሎኑን ፀጉር ቤት ወይም የዕቃ ማከማቻ ሲያደርገው፣ ኩባንያው አረቦን የተመነለት ቤት ያ አይደለም።

አከራዮች ይህን የማይናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ግብር ፈርተው ነው። የኪራይ ገቢውን ያላሳወቀ ሰው ለኢንሹራንስ ኩባንያ መናገሩም ያስፈራዋል። ይህ ስሌት ድሮም ደካማ ነበር፤ ከ2016 ወዲህ ግን ጨርሶ አያስኬድም። በዚያ ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም አዟል። እንግዲህ ቤቱ መከራየቱን የሚናገር ወረቀት በመንግሥት ቢሮ ተቀምጧል፤ የባንክ ሒሳቡም ይመሰክራል። እሳት ተነሥቶ ጉዳት ገማቹ ሲመጣ «የምኖርበት እኔ ነኝ» ማለት አይቻልም፤ ተከራዩ ደጃፍ ላይ ከነፍራሹ ቆሟልና።

በመድኑ መጠን ላይ የሚሠራው ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቤቱን በሽያጭ ዋጋው ማስገባት ነው። ቦሌ ያለ ቤትና ከከተማው ዳር ያለ ቤት በገበያ ዋጋቸው ቢራራቁም የሚሠሩበት ብሎኬትና ብረት ያው ነው፤ እሳትም የቦታውን ዋጋ አያቃጥልም። የኢንሹራንስ ውል የጠፋውን ይክሳል እንጂ አያተርፍም፤ ስለዚህ በሽያጭ ዋጋ ያስገባ ሰው የከፈለው ትርፍ አረቦን ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ ይጎዳል፤ የድሮውን ቁጥር ይዞ መቀመጥ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ በዚያው ብር ነው የሚገዛው። ቤቱን ወደ ነበረበት ለመመለስ 3 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል፤ ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ግን 1 ሚሊዮን 500 ሺ ነው። ማድ ቤቱ ተቃጥሎ የ400 ሺ ብር ጉዳት ቢደርስ አከራዩ «ከመድኑ በታች ስለሆነ ሙሉውን አገኛለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ኩባንያው ግን «አቬሬጅ» የሚባለውን አንቀጽ ይገልጣል። ባለቤቱ የቤቱን ግማሽ ብቻ ስላስገባ ከጉዳቱም ግማሹን፣ 200 ሺ ብር፣ ያገኛል። ውሉ ባለቤቱ ራሱ እንዲሸከም የተወው ድርሻ ካለ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሲፈረም እዚያው ተጽፎ ነበር።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ደግሞ የሚታወሰው ከረፈደ በኋላ ነው። ውኃ ጠፍቶ የሰነበተበት ሰፈር ቧንቧ ክፍት ተትቶ፣ ውኃው በሌሊት መጥቶ፣ የታችኛውን ቤት ኮርኒስና ሶፋ ማበላሸቱ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም። ቧንቧውን የተወው ተከራዩ ከሆነ አከራዩ የሚከራከርበት ነገር አለው። አርጅቶ የፈነዳ የቤቱ ቧንቧ ከሆነ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 አለ፤ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፣ አደጋው አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ቢሆንም እንኳ። ተራ የእሳት ፖሊሲ የጎረቤትን ሶፋ አይከፍልም። ይህን የሚሸፍነው የኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው፤ አከራይ ግን ስሙንም አያነሣም። ጣሪያውና ደረጃውስ? እነዚህ የጋራ ናቸው፤ የባለቤቶቹ ማኅበር አስገብቷቸው እንደሆነ መጠየቅ የአከራዩ ፋንታ ነው።

ተራው ፖሊሲ የሚጀምረው ከቃጠሎና ከመብረቅ ነው። ጎርፍ፣ የቧንቧ ፍንዳታ፣ ሁከት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ በተጨማሪ አረቦን የሚገቡ ናቸው። በታኅሣሥና በጥር 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ከፎቅ የወረደው ሰው ሁሉ በማግሥቱ ፖሊሲውን ቢያነብ ኖሮ ምን እንደጎደለው ባየ ነበር።

የኪራይ ገቢ መቋረጥ ሌላው ነው። ከተቃጠለ ቤት ተከራይ ይወጣል፤ ጥገናው ስድስት ወር ቢፈጅ ስድስት ወር ገቢ የለም። አዋጁ ቅድሚያ ክፍያን ከ2 ወር እንዳይበልጥ ስለገደበ ቀድሞ በተቀበሉት ገንዘብ መክረም ቀርቷል። በኪራዩ የሚተዳደር ጡረተኛ ይህን ሽፋን በእሳት ፖሊሲው ላይ ሊያስጨምር ይገባዋል፤ ለስንት ወር እንደሚከፈልም አስቀድሞ መወሰን አለበት። ተከራዩ በጤናው «አልከፍልም» ቢል ግን ይህ ሽፋን አይደርስም፤ እሱ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። የተከራዩ አልጋና ፍሪጅም የተከራዩ ጉዳይ ነው። ውጭ አገር ሆነው በወኪል የሚያከራዩ ባለቤቶች ሌላም የሚያነቡት አንቀጽ አላቸው፤ አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ ከአንድ ወር በላይ ባዶ ከከረመ ሽፋኑ የሚቋረጥበት ፖሊሲ አለ።

ይህን ሁሉ ማስጨመር አረቦኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ኪራዩን በፈለጉት ጊዜ ከፍ አድርጎ ማካካስም አዋጁ ከልክሏል። ስለዚህ የሚበዛው አከራይ ሦስት ኩባንያ ዞሮ ርካሹን ይይዛል። ርካሹ ለምን እንደረከሰ የሚነግረው ግን የኢንሹራንስ ደላላ እንጂ ወኪል አይደለም፤ ወኪሉ የኩባንያው ሰው ነው፣ ደላላው ግን ለደንበኛው ይቆማል፣ ኮሚሽኑንም የሚቀበለው ከኩባንያው ነው። በቤት ድለላ የተማረረ አከራይ «ደላላ» ሲባል ቢሸሽ አይፈረድበትም፤ በዚህኛው ግን የሚጎዳው ራሱ ነው።

ቤቱን ቀድሞ ላከራየ ሰው ለውጡን ማስታወቂያው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የተመዘገበው የኪራይ ውል ቅጂ ይያያዝበታል። ኩባንያው ተቀብሎ ማኅተም ያሳረፈበት ግልባጭ ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጣል፤ በፖሊሲው ላይ የሚለጠፈው የማሻሻያ ወረቀት እስኪመጣም መመላለስ ያስፈልጋል።