የአረጋውያን መርሳት ሁሉ ከእርጅና ብቻ የመጣ አይደለም

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጕልበቱ እንዲደክም፥ ዐይኑ እንዲፈዝ፥ ጆሮውም እንዲከብድ የታወቀ ነው። የሰውን ስም ለጥቂት ጊዜ መዘንጋት፥ ምርኵዝ የተቀመጠበትን ስፍራ ማጣት፥ ወደ ጓዳ ገብቶ የገቡበትን ጉዳይ ረስቶ መመለስ ከዚሁ ድካም ወገን ስለ ሆነ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ጥቂት ቆይቶ ይታወሳልና። ነገር ግን ከዚህ የተለየ፥ ከአንጎል በሽታ የሚመጣ ሌላ መርሳት አለ። በኢትዮጵያ ሁለቱ ተደባልቀው «ጃጅተዋል» በሚል በአንድ ቃል ሲጠሩ ኖረዋል። ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ምክንያቱን የሚጠይቅ አይገኝም፥ ሐኪምም አይፈለግም፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1901 በጀርመን አገር በፍራንክፉርት ከተማ አውጉስቴ ዴተር የምትባል ሴት ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ዕድሜዋ 51 ዓመት ብቻ ነበረ። አሎይስ አልዛይመር የሚባለው ሐኪም መርምሯት ነበርና፥ በ1906 በሞተች ጊዜ አንጎሏን በማጉያ መሣሪያ ተመልክቶ በመካከሉ የተከማቸ ባዕድ ነገርና የተወሳሰበ ክር መሳይ ነገር አገኘ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በቱቢንገን ከተማ ለሐኪሞች ጉባኤ አስረዳ። በ1910 ደግሞ ኤሚል ክሬፔሊን በመጽሐፉ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ አንደኛው ሴትዮዋ ያላረጀች መሆኗ ነው፤ ሁለተኛው በቤተ ሰቧ ዘንድ አስቀድሞ የታየው መርሳት ሳይሆን በባሏ ላይ የተነሣ ያለ ምክንያት የሆነ ቅናት መሆኑ ነው። ዛሬ ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት በሽታ ብዙ ዓይነት ሲኖረው፥ ከመካከሉ የሚበዛው ይኸው የአልዛይመር በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዲሜንሺያ የተያዙት ሰዎች 57 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከነዚህም የሚበልጡት የሚኖሩት ሀብታቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው።

በሽታውን ቀድሞ ለማወቅ መለኪያው የሌላ ሰው አእምሮ ሳይሆን የዚያው ሰው የቀድሞ ልማድ ነው። በየወሩ 12ኛውን የሚካኤልን፥ 21ኛውን የማርያምን ቀን ሳያጓድሉ ሲያከብሩ የኖሩ እናት በአንድ ጧት ሦስት ጊዜ «ዛሬ ሚካኤል ነውን?» ብለው ቢጠይቁ፥ የተመለሰላቸውንም መልስ ፈጽሞ እንዳልሰሙ ቢሆኑ፥ ይህ ተራ መዘንጋት አይደለም። ጀበናውን ጥደው ቡናውን ሳይጨምሩ ቢቀሩ፥ የወጡን ጨው ሁለት ጊዜ ቢጨምሩ፥ ቀድሞ በእጃቸው ብቻ የሚያውቁት የሥራ ተራ ቢጠፋባቸው እንደዚሁ ነው። የዕድር ገንዘብ ያዥ ሆነው ሳንቲም ሳያጐድሉ የኖሩ ሰው ሒሳቡ ቢምታታባቸው፥ ለአርባ ዓመት በተመላለሱበት መንገድ ላይ ቆመው ወዴት እንደሚታጠፉ ቢያጡ፥ የታወቀውን ዕቃ ስሙን አጥተው «ያ ነገር» እያሉ ቢጠሩት፥ ዝምተኛው ቁጡ፥ ተጫዋቹም ዝምተኛ ቢሆን ምልክቱ ይኸው ነው። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም። በወራት ውስጥ እየተደጋገመና እየጨመረ መሄዱ፥ የዕለት ኑሮንም ማሰናከሉ ነው የሚመዘነው።

ሰው ሁሉ የሚታለልበት አንድ ነገር አለ። በሽታው አስቀድሞ የሚያጠፋው የትናንቱን እንጂ የጥንቱን አይደለም። በልጅነታቸው ዳዊትን በቃላቸው ያጠኑ አባት የዛሬውን ቁርሳቸውን እየረሱ መዝሙሩን ያለ ስሕተት ሊደግሙ፥ በቅዳሴም ጊዜ ተሰጥኦውን ሳይስቱ ሊመልሱ ይችላሉ። የሚሰማቸውም ሁሉ «እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አእምሮው ታመመ ይባላል?» ይላል። ነገር ግን በብዙ ዓመት ድግግሞሽ የጸናው ቃል ሲቆይ፥ አዲስ ነገር ማሰናዳት የሚጠይቀው ሥራ ቀድሞ ይጐዳል። ስለዚህ የቅኔው መምህር የጥንቱን ቅኔ እየተናገሩ አዲስ መቍጠር ቢሳናቸው፥ በትርጓሜም መካከል የጀመሩት ምስጢር ቢጠፋባቸው፥ ደቀ መዛሙርቱ ይህን በቶሎ ያስተውላሉ፤ ስለ አክብሮት ግን አይናገሩትም። የሀገሩም ሰላምታ ራሱ በሽታን የሚሸፍን ልብስ ነው። እንደምን አደሩ፥ ልጆች ደኅና ናቸው ወይ፥ ከብቱስ እየተባለ ሩብ ሰዓት ያህል ሲነጋገሩ፥ አረጋዊው የእንግዳውን ማንነት ፈጽመው ሳያውቁ ሁሉን በጨዋ ደንብ ሊመልሱ ይችላሉ፤ እንግዳውም ደኅና መሆናቸውን መስክሮ ይሄዳል። እውነቱን የሚያውቁት አብረዋቸው የሚያድሩት ብቻ ናቸው።

እነዚህም ቢሆኑ ይደብቃሉ። በተለይ የሚያሳዝነው፥ ታማሚው ገንዘቡን ወይም ወርቁን በማይገመት ስፍራ ሸሽጎ ከረሳው በኋላ ሌባ መፈለጉ ነው። ክሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው መከታ በሌላት በቤት ሠራተኛይቱ ላይ ነው። የፖሊስ ሹም እንዲህ ያለ አቤቱታ ከአንድ ቤት ተደጋግሞ ሲመጣለት፥ ልጅቱን ከማሰሩ በፊት የከሳሹን የአእምሮ ጤና ከቤተ ሰቡ ቢጠይቅ ንጹሕ ሰው ከመበደል ይድናል።

የንስሐ አባት ደግሞ ከሐኪም አስቀድሞ ምስጢር የሚገባበት ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት የተናዘዙትን ዛሬ እንደ አዲስ ሲነግሩት ይሰማል፤ ልጆቹም «መተት ተደርጎባቸው ይሆን?» እያሉ የሚያማክሩት እርሱን ነው። ምስጢሩን ሳያወጣ ልጆቹን ወደ ሐኪም ሊመራቸው ይቻለዋል። ጠበልና ሕክምናም የሚጣሉ አይደሉም፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት አስጥሎ ወደ ጠበል መስደድ ግን አንጎልን የባሰ የሚጎዳ ስለ ሆነ፥ ይህን የሚመክር ካህን ቢኖር ከባድ ኀላፊነት መውሰዱን ይወቅ።

ወደ ሐኪም በጊዜ መሄድ የሚያስፈልገው የመርሳት ምክንያት ሁሉ የማይድን ባለመሆኑ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ማነስ፥ የቫይታሚን ቢ 12 ጉድለት፥ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት፥ ወድቀው ራሳቸውን ከተመቱ በኋላ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል የሚጠራቀም ደም፥ ቂጥኝና ኤች አይ ቪ፥ የመድኃኒትም ብዛት አእምሮን ያደክማሉ፤ በጊዜ ከተደረሰባቸው ብዙዎቹ ይታከማሉ። ደኅና የነበረ ሰው በጥቂት ሰዓት ወይም ቀን ውስጥ ቢቃዥና ቢደናገር ደግሞ ይህ የሌላ ሕመም ምልክት ስለ ሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ለአልዛይመር በሽታ ፈውስ እስካሁን አልተገኘም፤ የሚያግዙ መድኃኒቶች ግን አሉ። በሐኪም ፊት ዓመተ ምሕረት መጠየቅና ሰዓት ማሣል ፊደል ላልቈጠሩ አረጋውያን ፍትሐዊ ፈተና ስላይደለ፥ ምን መቼ እንደ ተለወጠ ጽፎ ይዞ የሚሄድ ልጅ ከምርመራው መሣሪያ የማያንስ ጥቅም ይሰጣል።

ውልና ኑዛዜ የሚመዘግቡ ሹማምት የሚገጥማቸው ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዝዛል። የምስክሮቹ ፊርማ ግን ጽሑፉ መነበቡን እንጂ ለተናዛዡ መግባቱን አያሳይም። «ተስማምተዋል?» ለሚለው ጥያቄ ታማሚውም ራሱን ነቅንቆ «አዎን» ይላል። ይልቁንም ተጠቃሚውን ከክፍሉ አስወጥቶ፥ ሽማግሌው ምን ለማን እንደሚሰጡ፥ ለራሳቸውም ምን እንደሚቀራቸው በገዛ ቃላቸው እንዲያስረዱ ማድረግ፥ ከግማሽ ሰዓትም በኋላ ያንኑ መልሶ መጠየቅ ይሻላል። ይህ ሲባል ዕለቱን የዘነጋ ሁሉ በንብረቱ ማዘዝ አይችልም ማለት አይደለም፤ በሽታው ሲጀምር ብዙ ሰው ፈቃዱን ለይቶ ያውቃል። አባታቸው ለቤተ ክርስቲያን መሬት ስለ ሰጡ ወይም በእርጅና ሚስት ስላገቡ ብቻ «አእምሯቸውን ስተዋል» ብለው የሚከሱ ወራሾችም አልታጡም፤ ዳኛው ከሁለቱም ወገን ተንኮል መጠበቅ አለበት።

መጽሐፈ ሲራክ በ3ኛው ምዕራፍ የአባት አእምሮ በደከመ ጊዜ ልጅ እንዲታገሥ ያስተምራል። መታገሥ ግን መደበቅ አይደለም። «ረስተዋል» እያሉ በሰው ፊት ማረም ያሳፍራል፥ ያስቈጣልም፤ ለብቻ ተቀምጦ «በዚህ ሰሞን ነገር እየጠፋብዎት ያዩ ይመስለኛል፤ አብረን ሐኪም እንይ» ማለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሰማል፤ ታማሚው ራሱ ከሁሉ አስቀድሞ ለውጡን አውቆ በፍርሃት ዝም ብሎ ሊሆን ይችላልና። በዚያን ጊዜ ገንዘባቸውን ማን እንዲይዝላቸው፥ ከየትኛው ልጅ ጋር መኖር እንደሚወዱ፥ የሚያስታርቁት ወይም የሚመልሱት ዕዳ እንዳለ በአፋቸው ሊናገሩ ይችላሉ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ይህን ጥያቄ የሚመልሱት ልጆቹ እርስ በርሳቸው እየተከራከሩ ነው።