«ይበል» ለማለት ምላሳችን ለምን ይከብደዋል?

ወዳጆቼ፣ ይህን ሳነሳ የሚከፋቸው እንዳሉ አውቃለሁ። ይክፋቸው፤ ስንት ዓመት ዝም ተብሏል።

በቤተ ክርስቲያናችን ትሕትና በአፍ ሞልቷል። «እኔ ደካማው፣ እኔ ኃጢአተኛው» የማይል የለም። አንድ ወጣት ተነሥቶ ያማረ ቅኔ ሲቀኝ ግን ያ ሁሉ ደካማና ኃጢአተኛ በአንድ ጊዜ ዳኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። «ከየት ሰርቆት ነው?» «የማን ቤት ተማሪ ነው?» «አይ የዛሬ ልጆች!» ስሙን የማልጠራው አንድ ደብር ውስጥ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ ቅኔውን ሲጨርስ ከሊቃውንቱ አንድም «ይበል» ያለ አልነበረም። ቅዳሴ ሲወጣ ግን ሁሉም ስለዚያው ቅኔ ነበር የሚያወሩት!

አንበሳሜ ወይም ወረታ አድጎ የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። እሳቸው ያልተናገሩትን ሁሉ ሳይቀር ለእሳቸው ሰጥተን ስንስቅ ኖረናል። ሰውዬው የኛው አገር ሰው ናቸው፤ የፎገራ፣ የናበጋ ጊዮርጊስ። የጎንደር በአታ አለቃ የነበሩ፣ በአቋቋም፣ በቅኔና በፍትሐ ነገሥት የተመሰገኑ ሊቅ። ይህንን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እንደሚነገረው ጣና ላይ ሳሉ የሐይቁ ማዕበልና ደንገሉ ሲወዛወዝ አይተው፣ መቋሚያውም አካሉም እንደዚያው ለዘብ ብሎ ወዲህና ወዲያ የሚልበትን ዝማሜ አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሏቸውም። ከአባቶች ያልወረደ አዲስ ነገር ነው ተባለ። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፣ ከዚያ ተስፋፋ፤ ይኸው እስከ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» እየተባለ ይኖራል። ማዕበሉን ያዩት አባት፣ ስሙ የልጁ! ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሰናል፣ ስንቶቻችን ይህን አስበን እናውቃለን?

«ሥርዓት መጠበቅ የለበትም ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። አለበት እንጂ! ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ዛሬ በትንሹ የተለወጠ ነገር በሦስተኛው ተማሪ ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። የጎንደር ሊቃውንት ሥጋት ከንቱ ነበር አልልም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። «አይሆንም» ለማለት መጀመሪያ መስማት፣ መመርመር፣ ጥሩውን ጥሩ ነው ማለት ይገባል። ሥራውን መርምሮ የሚመልስ ሥርዓት ጠባቂ ነው። ሰውየውን አይቶ የሚመልስ ግን የሚጠብቀው ወንበሩን ነው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ አለቃ ራሳቸው ትሑት በመሆን የሚታወቁ አይደሉም። ምላሳቸው ማንንም አይምርም ነበር፣ ንጉሥም ቢሆን። እኔ እንደምጠረጥረው በሽሙጣቸው ያልተነካ ሊቅ ጥቂት ስለሆነ ዝማሜው የምላሳቸውን ዕዳ ሳይከፍል አልቀረም። ቢሆንስ? ስጦታው የመጣው ትሑት ባልሆነ ሰው በኩል ነው ተብሎ ይጣላል እንዴ? ትሕትና ከሰጪው ብቻ ነው እንዴ የሚጠበቀው? ተቀባዩስ?

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ለዚህ ነው «ይበል» የሚባለው ቃል ከማኅሌቱ ጋር አብሮ የኖረው። ቅኔ ሲቀኙ አንዱ ይነግራል፣ ሌላው ተቀብሎ በዜማ ያሰማል፣ ጉባኤው «ይበል» ይላል። አስቡት፤ የባለ ቅኔው ሥራ በሌላ ሰው ጉሮሮ ነው የሚወጣው። ባለ 2 ቤቷ ጉባኤ ቃና ሳትቀር ተቀባይ ትፈልጋለች። ተቀባዩ ቢለግም፣ ቃሉን ቢያድበሰብስ ወርቁ እዚያው ይቀበራል። በዚያ ላይ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱን ደግሞ ማለት ነውር ነው። አዲስ ነገርን ግዴታ ያደረገ ቤት፣ አዲስ ሰው ሲያይ ፊቱን የሚያጨማድደው ለምንድን ነው?

ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችንም ያው ናቸው። መዝሙሩ በየዩቲዩቡ ይለቀቃል፣ የዘማሪው ፎቶ ይደምቃል፤ ግጥሙን ሌሊት ተቀምጦ የጻፈው ልጅ ስም ግን የለም። ሲጠየቁ «ስም መጻፍ ትዕቢት ነው፣ ለእግዚአብሔር ክብር ነው» ይላሉ። ታዲያ የዘማሪው ፎቶስ? በሰው ጉልበት ላይ የምንሰብከው ትሕትና ርካሽ ነው፣ ምንም አያስከፍለንም።

መርጌቶቻችን፣ እግራችሁን ስሜ ነው የምናገረው፤ የፊታችን ክብረ በዓል ላይ አንድ ልጅ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ሲቀኝ፣ ጥሩ ከሆነ ጮክ ብላችሁ «ይበል» በሉት። ካጠፋ ከበዓሉ በኋላ ለብቻው ጠርታችሁ አርሙት። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ እዚህ ሥር የምታውቁትን ስሙ ያልተጠራ አንድ ግጥም ጻፊ ወይም አንድ የአቋቋም መምህር፣ እሱን አስፈቅዳችሁ፣ ከነደብሩ ጻፉልኝ። ላይ ቤት ይበልጣል፣ ተክሌ ይበልጣል ብላችሁ ልትከራከሩ የምትመጡ ግን እባካችሁ ዛሬን ተዉኝ።