የሥራ ሰዓትና የበዓል ገበታ

ነገ የልደት በዓል ነው። ቄጠማ በሚጎዘጎዝበት፣ ቡና በሚፈላበት፣ ዘመድ አዝማድም መሶብ ከብቦ በሚሰበሰብበት በዚህ ዕለት በየሰፈሩ ቦታው ባዶ የሚሆን ሰው መኖሩ እሙን ነው። እርሱም በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የገባው፣ በሆስፒታል ሕሙማንን የሚያስታምመው ወይም በጥበቃ ላይ የቆመው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሰው ጊዜ ለማሰብ ከበዓል ዋዜማ የተሻለ ዕለት አይገኝም።

እንደሚታወቀው በሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ይህ ድንጋጌ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ሰፍሮ የነበረ ሲሆን፣ በተተኪው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ጸንቷል። የተለወጠው የትርፍ ሰዓት ጣሪያ ነው። የቀድሞው አዋጅ ትርፍ ሰዓትን በቀን በ2፣ በወር በ20፣ በዓመት በ100 ሰዓት ወስኖት ነበር። አዲሱ ግን በቀን እስከ 4፣ በሳምንት እስከ 12 ሰዓት ፈቅዷል። ይህ በየሳምንቱ ቢሠራበት በዓመት ከ600 ሰዓት ያልፋል።

እርግጥ ነው፣ ክፍያውም ከፍ ብሏል። የቀኑ ትርፍ ሰዓት ከ1.25 ወደ 1.5፣ የሌሊቱ ከ1.5 ወደ 1.75 እጥፍ አድጓል። የሕዝብ በዓሉ ግን በ2.5 እጥፍ እንደነበረ ቀርቷል። ስለዚህ ሕጉ የትርፍ ሰዓትን ዋጋ ሲያስወድድ በሩንም አስፍቶ ከፍቷል ማለት ይቻላል።

ሕጉ ትርፍ ሰዓትን የፈቀደው ለአደጋ፣ ከዐቅም በላይ ለሆነ ሁኔታ፣ ለአስቸኳይ ሥራና በማያቋርጥ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት ነው። ይሁን እንጂ ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሠራተኛ ተጨማሪውን ሰዓት ራሱ ፈልጎ ይገባበታል፤ ልዩ የተባለውም የዘወትር ልማድ ይሆናል። ገንዘቡ ወደ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ከቤት ይርቃል። ትራንስፖርት የሚጠበቅበት ሰዓት ሲታከልበት አባት ልጆቹን ተኝተው ትቷቸው ወጥቶ ተኝተው ያገኛቸዋል። እናት ሠራተኛ ስትሆን ደግሞ የቤቱ ሥራ ሌላ ፈረቃ ሆኖ ይጠብቃታል።

እንግዲህ መፍትሔው ሥራን መጥላት አይደለም። በበዓል ቀን የሚሠራ ባይኖር ሕሙማን ያለ አስታማሚ፣ ከተማውም ያለ መብራት ይቀሩ ነበር። የሚያስፈልገው የበዓል ተረኝነት አስቀድሞ እንዲታወቅና በየተራው እንዲዳረስ፣ ከሁሉም በላይ የ8 ሰዓት ድካም ቤተሰብ ማኖር እንዲችል ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ትርፍ ሰዓት እንደ ስሙ ትርፍ ይሆናል።

በሥራ ገበታ ላይ ሆናችሁ ለምታከብሩትም ሁሉ መልካም በዓል።